በስምሽ የለመንኩት

ለእህቴ ለዕፀገነት፣ አሶሳ

እንደምን ከርመሻል ዕፄ? የእግርሽ እብጠት ጎደለልሽ? ጧት ጧት ያስመልስሽ የነበረው ነገርስ ጨርሶ ተወሽ? ሙቀቱን እንዴት ቻልሽው? እኛ እዚህ በጥቅምት ብርድ ጋቢ ስንደርብ አንቺ በማራገቢያ እንደምትውዪ ሳስበው የአንድ አገር ሰዎች አንመስለኝም። ወገብሽስ? እንቅልፍሽስ? የምትበይው ይረጋልሻል? ባልሽ ኡራኤል ደኅና ነው? ፈጣሪ በሆድሽ ያስቀመጠውስ እንዴት ነው፣ ይራገጣል? ጥያቄዬ በዛ መሰለኝ። ሰው ሲርቅ ከመጠየቅ በቀር ምን ይደረጋል።

እኛ ደኅና ነን፤ ተመስገን። እማዬ የግፊት መድኃኒቷን እኔ ካላስታወስኳት ትረሳዋለች እንጂ ደኅና ናት። ባሌ እንደሻውም ደኅና ነው፤ እንደምታውቂው ከሥራ ቤት ከቤት ሥራ ነው። ሐረርም ደኅና ናት፤ ውሃዋ መምጣት ሲያሰኛት ትመጣለች፣ ስትመጣ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይራኮታል። እኔም ደኅና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ደኅና ነኝ ለማለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላበላሽም ነበር።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። በስልክማ እማዬ ትፈቅዳለች? ገና ሳነሳው ድምፁን ክፈቺው፣ ለሁላችን ይሰማ ትላለች። እሷ እየሰማች ምን ይወራል? ሰሞኑን ደጋግመሽ ደውለሽ፣ እማዬ ትመጣልኛለች ወይስ ተስፋ ልቁረጥ ስትዪኝ፣ ኔትወርኩ ነው፣ አይሰማም እያልኩ የዘጋሁብሽ እኔ ነኝ። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር። አሁን የጎረቤታችን ልጅ ደረጀ ሥራ ተመድቦ ሰኞ ወደ አሶሳ ይነሳል፤ ደብዳቤውን ለሱ እሰጠዋለሁ። የጠየቅሽኝን መልስ ታገኚዋለሽ። ግን እንደ ልማድሽ ከመጨረሻው እንዳትጀምሪ፤ ከላይ ጀምሮ ካላነበብሽው አይገባሽም።

እንግዲህ ልናገረው። ቀንቼብሻለሁ። በትንሹ እንዳይመስልሽ፤ አንጀቴ እስኪያር ነው የቀናሁብሽ።

ትዝ ካለሽ የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነበር የደወልሽው። እማዬ እንደ ልማዷ ድምፁን አስከፍታኝ ነበር። አርግዣለሁ ያልሽው ቃል ከአፍሽ ገና ሳያልቅ እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ነኢማ እልልታውን ሰምታ ከጎረቤት ባዶ እግሯን ሮጣ መጣች፤ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ እያለች እማዬን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት። እኔም እልል ብያለሁ፤ ግን አንዴ ብቻ ነው ያልኩት። ከዚያ ጓሮ ወጣሁና ልብስ ማጠብ ያዝኩ። የታጠበ፣ የደረቀ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠ ልብስ አውጥቼ ነው ደግሜ ያጠብኩት፤ ያውም ውሃ በጠፋበት ሰሞን። እንደሻው ማታ ሲገባ ሸሚዙ ሁሉ ገመድ ላይ ተሰቅሎ አየ። ገብቶታል።

ክፉ ተመኘሽብኝ እንዳትዪ። እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ ባንቺም በልጅሽም ላይ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ በልቤም አላለፈ። እኔ ያልኩት ለሷ ተሰጥቶ ለኔ ለምን ተከለከለ ነው። አንቺ ካገባሽ ሁለት ዓመትሽ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ። ሐኪሙ ሁለታችሁም ጤነኞች ናችሁ ይለናል፤ ጤነኞች ከሆንን ታዲያ ምን ሆነን ነው? ታላቅ እኔ፣ ቀድሜ ያገባሁ እኔ፣ ቁልቢ ገብርኤልን በየዓመቱ የተሳለምኩ እኔ፣ ጠበል ፈልቋል በተባለበት ሁሉ የተጠመቅኩ እኔ። ቄስ ባገኘሁ ቁጥር ስመ ክርስትናዬን ነግሬ፣ ጸዳለ ማርያምን በጸሎትዎ ያስቧት፣ ልጅ ትፈልጋለች ስል ኖሬአለሁ። አንቺ ደግሞ አሶሳ ቁጭ ብለሽ፣ ምንም ሳትዪ፣ ወር ሳይሞላሽ በሚመስል ጊዜ አረገዝሽ። ይኼ አያስቀናም በይኝ እስቲ!

ሌላም አለ፤ ይኼኛው የቆየ ነው። እማዬና እኛ በአንድ ኮምፔርሳቶ ግድግዳ እንደምንለያይ ታውቂያለሽ፤ ብታስነጥስ ይማርሽ የምላት ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። ጎሕ ሲቀድ ትነሳና ትሰግዳለች፣ ከዚያ የሰው ስም ታነሳለች። የሞተውን፣ የታመመውን፣ መንገድ የሄደውን አንድ በአንድ ታዳርሳለች። ጸዳለ ማርያምን ጠብቅልኝ ትላለች፣ ያልፋል። ወለተ ጻድቅ ላይ ስትደርስ ግን ትቆማለች። ወለተ ጻድቅን አደራህን፣ ወለተ ጻድቅን አትርሳት ትልና ድምፅዋ ዝቅ ይላል፤ የቀረው አይሰማኝም፣ ስታለቅስ ብቻ ይሰማኛል። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የክርስትና እናታችን እትዬ አልማዝ፣ ነፍሷን ይማር፣ ገና ልጆች ሳለን ነግራናለች። ጸዳለ ማርያም እኔ፣ ወለተ ጻድቅ አንቺ።

ስለዚህ በየማለዳው ምን እንደሚሰማኝ አስቢው። ከጎኗ ያለሁ እኔ፣ እግሯን የማጥብ እኔ፣ ልቅሶ ቤት ተከትያት የምሄድ እኔ፣ እንባዋ ግን ላሶሳይቱ! ብዙ ጊዜ ግድግዳውን ልደበድብና፣ እኔስ? ልላት ተነስቼ ተመልሼ ተኝቻለሁ። ተኝቻለሁ ስልሽ ጋደም ብያለሁ ማለቴ ነው። እንቅልፍ የሚባል ነገር እኔ ዘንድ ከጠፋ ከርሟል። እርጅናዬን አስባለሁ፣ ማን ይቀብረኛል እላለሁ፣ እንደሻው ሌላ ቢያገባስ እላለሁ። ሐሳቡ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ ይላል፤ ሂድ ብለው አይሄድም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው የመስቀል ሰሞን ደውለሽ፣ እንድታርሰኝ እማዬ ትምጣልኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ እናት አጠገቤ ከሌለች እፈራለሁ ያልሽው። እማዬ ወዲያው እሺ የምትልሽ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ስልኩ እንደተዘጋ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ተናኜ ሂጂ ካለችኝ እሄዳለሁ፤ እሷን አስኮርፌ፣ ልቧን ሰብሬ መንገድ አልወጣም አለች። ነገሩን አምጥታ እኔ ጭን ላይ ጣለችው! እናት ስትባል ተንኮሏም ከፍቅሯ አይለይም።

እኔም ሰበብ መደርደር ጀመርኩ። ግፊት ያለባት ሴት በአውሮፕላን? ዕድሜዋን ሙሉ ከድሬዳዋ አልፋ የማታውቅ? አሶሳ ሙቀቱ፣ ወባው? ቅናቴ ነጠላውን አጣፍቶ ለእናት አሳቢ መስሎ ቆመልሽ። እንደሻው ሰምቶ ሰምቶ ሲበቃው፣ አንቺ ሴት እናትሽን እንደ ቀበሌ ቤት አልለቅም አልሽ እኮ አለኝ። ቀን ሙሉ አኮረፍኩት። እውነቱን ስለተናገረ ነው ያኮረፍኩት። የፈራሁት አውሮፕላኑን አይደለም። እማዬ ያንቺን ልጅ አንዴ ካቀፈች ወደኔ ወደ ባዶው ቤት ለምን ብላ ትመለሳለች? ይኼ ነው የፈራሁት። ልጁንም ወሰድሽ፣ እናቲቱንም ልትወስጂ ነው ብዬ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ጊዮርጊስ ጠበል ሊረጩልን መጡ። እማዬ ናት የጠራቻቸው፤ ብሄድም ብቀርም በጸሎት ይታሰብልኝ ብላ። እኔ ሆዬ ፊቴን አጨማድጄ ምሳ አቀረብኩ። ጸሎቱን ሊጀምሩ ሲሉ ስማችንን ጠየቁ። እማዬ፣ አሶሳ ላለችው ለጸዳለ ማርያም በሰላም መገላገልን፣ እዚህ ላለችው ለወለተ ጻድቅም የልብ ዕረፍትን አለቻቸው። እኔም፣ እማዬ አገላብጠሽው ነው፣ ጸዳለ ማርያም እኮ እኔ ነኝ አልኳት። ዞር ብላ አየችኝና፣ ማን አለሽ? አለችኝ። አባም ግራ ገባቸው። እኔም የማውቃት በጸዳለ ማርያም ነው፣ ታናሿንም በወለተ ጻድቅ ነው ያናዘዝኳት አሉ። ይኼን ጊዜ እማዬ ቱግ አለች። አምጬ የወለድኩ እኔ፣ ታቅፌ ክርስትና ያስነሳሁ እኔ፣ ማን ማን እንደሆነች ሰው ሊነግረኝ ነው? ታላቂቱ ወለተ ጻድቅ፣ ታናሺቱ ጸዳለ ማርያም! ብላ ጮኸች።

ገባሽ አይደል? እትዬ አልማዝ ክርስትና ያላነሳችው የሰፈር ልጅ አልነበረም። ያ ሁሉ ስም ተምታቶባት የኔን ላንቺ፣ ያንቺን ለኔ አደለችን። ስመ ክርስትና ደግሞ እንደ ቤት ስም በየደጁ አይጠራ፣ ከቄስ ጆሮ በቀር የሚሰማው የለ፤ ማን ያርመው? እኛም ይዘነው አደግን፣ በሱ ተናዘዝን፣ በሱ ቆረብን።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። በተክሊል ስታገቢ ቤተ ክርስቲያን የተጠራው የኔ ስም ነው። ስለዚህ ኡራኤልን ያገባሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ሰላም በይልኝ! እኔ ስቄ ሳልጨርስ ግን ሌላው ነገር ድንገት ትዝ አለኝና ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ቁልቢ ላይ የተሳልኩት በማን ስም ነው? ጠበሉ ላይ፣ በየደብሩ፣ በየቄሱ እግር ስር ለጸዳለ ማርያም ልጅ ስጣት ያልኩት ለማን ኖሯል? ላንቺ! ገና ሳታገቢ ጀምሮ፣ አንቺ ልጅ የሚባል ነገር ሳታስቢ፣ እኔ እያለቀስኩ ስለምን የኖርኩት ላንቺ ነው። ጸሎቴ የኔን ደጅ አልፎ አሶሳ ወረደ። ይኸው አንቺ አረገዝሽ።

ዕፄ፣ ያን ጊዜ የያዘኝን ነገር ቅናት ብዬ ብጠራው ያንሰዋል። አባ ፊት ብድግ ብዬ፣ አባ ይኼ እንዴት ነው የሚመለሰው? ባንክ እንኳ በስህተት ለሌላ ሰው የገባውን ይመልሳል አልኳቸው። እማዬ አፌን ልትይዘኝ ተነሳች። አባም ጢማቸውን እየነኩ፣ ልጄ፣ ፈጣሪ ሰውን በስም የሚለይ መሰለሽ? ስሙን አንቺ ተሳሳትሽ እንጂ እሱ አንቺን አልተሳሳተም፤ የምታለቅሰው ማን እንደሆነች ያውቃል አሉኝ። ታዲያ እያወቀ ነው የከለከለኝ! አልኳቸው። እሱን እኔም አላውቅም አሉኝ። ያላወቁትን አውቃለሁ የሚሉ ሰው አይደሉም። ሲወጡ ብቻ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ለእህትሽ ሳትቀኚ ለምነሽላታል፤ ሳታውቂ የለመንሽላትን እስቲ አሁን እያወቅሽ ለምኚላት፣ ጭንቀቱም በዚያ በኩል ይለቅሽ ይሆናል አሉኝ። ንዴቴ በርትቶ መስቀላቸውን እንኳ በቅጡ አልተሳለምኩም።

ሰኞ ሽንኩርት ልገዛ ሸዋ በር ወረድኩ፤ ነኢማ አብራኝ ነበረች። መንገዱን ሙሉ ነገርኳት። እሷ ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ወላሂ ተናኜ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምቼ አላውቅም አለች። ሳቋ ሲያልቅላት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ የሰው ሪዝቅ፣ የሰው እንጀራ፣ ሰው አይበላውም፤ ላንቺ የተጻፈ ቢሆን በማንም ስም ብትለምኚው ያንቺው ቤት ይመጣ ነበር፤ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ አለችኝ። አባ ያሉኝን ነው እሷም በራሷ ቋንቋ የነገረችኝ። ከሁለት ወገን ሲመክሩኝ የበለጠ ተናደድኩ። ሰው ሲቀና ምክር አይወድም።

ግን አንድ ነገር ሆነ። ሽንኩርቱን ትቼ ከድሬ ጠያራ የምትመጣዋ ቅቤ ሻጭ ጋ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ለጋ ቅቤ አለሽ ወይ አልኳት። ለማን ነው? አለችኝ። ለአራስ አልኳት። የማን አራስ? ስትለኝ የእህቴ አልኳት፤ አፌ ነው የቀደመኝ። እሷም ቅቤውን እየጠቀለለች፣ ረቢ በሰላም ይገላግላት፣ ልጁንም ያሳድግላት አለችኝ። እኔም አሜን አልኩ። ካልኩት በኋላ ነው የሰማሁት። ነኢማ ከጎኔ ቆማ አየችኝና ፈገግ አለች፤ ብትናገር ኖሮ ቅቤውን እመልሰው ነበር።

ማክሰኞ እማዬ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ቁጭ አልኩና አፋጠጥኳት። ወለተ ጻድቅ እኔ ከሆንኩ፣ ያ ሁሉ የማለዳ ልመናና እንባ ለኔ ከነበረ፣ ታዲያ ለምን ልጅ አልሰጠኝም? አንቺም ለምነሽ ካልተሰማሽ ማን ሊሰማ ነው? አልኳት። እሷም ቀና ሳትል፣ እኔ ልጅ አልለመንኩልሽም አለችኝ። ጆሮዬን አላመንኩትም። እንዴት ነው ልጅ ያልለመንሽልኝ? እናት አይደለሽም ወይ? ብዬ ጮኽኩባት። ምስሩን አስቀመጠችና እንዲህ አለችኝ። ልጅ መስጠትና መከልከል የሱ ነው ብዬ ለሱ ተውኩለት። አንቺ ከልጅነትሽ የነገን ዛሬ የምታለቅሺ ነሽ። ዕፀገነት የጣሏት ቦታ ትተኛለች፤ ለሷ ጠብቅልኝ ብዬ አልፋለሁ። አንቺ ግን ብትወልጂም ስትጨነቂ ነው የምታድሪው፤ የወለደ ሁሉ ያረፈ መሰለሽ? እኔ የለመንኩት ልቧን አሳርፍልኝ ብዬ ነው። ልጄ አንድ ቀን ተኝታ ሳያት ይበቃኛል አለችኝ።

ወዲያው ደስ አለኝ ብልሽ ውሸት ነው። ቅር አለኝ። ልጁንም ጨምራ ብትለምንልኝ ምን ነበረበት? አልኩ በልቤ። አሁንም አልፎ አልፎ እላለሁ። ግን ስንት ዓመት በግድግዳው በኩል ስቀናበት የኖርኩት እንባ የራሴ እንደነበር ሳስበው ሆዴ ባባ። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እማዬም ልታባብለኝ አልመጣችም፤ ምስሯን ለቀመች።

ረቡዕ ሚካኤል ነበር። ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩና ከሴቶቹ ኋላ አንድ ጥግ ያዝኩ። አባ ያሉኝን ልሞክረው ብዬ ነው እንጂ ልቤ ሞቆ አልነበረም። ለጸዳለ ማርያም፣ ለእህቴ ለዕፀገነት፣ በሰላም ይገላግላት፣ የምታቅፈውን ይባርክላት አልኩ። እንደ ኮሶ ነው የዋጥኩት ዕፄ፤ አልዋሽሽም። ደገምኩት። ሦስተኛ ላይ ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ ለወለተ ጻድቅ ልል ፈለግኩ። በራሴ ስም ጸሎት ሳደርስ የመጀመሪያዬ ነው፣ እንግዳ ሰው የጠራሁ መሰለኝ። ልጅ ስጣት ልል አፌን ከፈትኩና ቃሉ እምቢ አለኝ። ይኼን ያህል ዓመት ብዬዋለሁ፤ እሱም ሰምቷል፤ አልሰማም ብዬ ነው ስጨቀጭቀው የኖርኩት። እንደምትሰማኝ አውቃለሁ፣ የቀረውን ላንተ ትቻለሁ፣ ልቤን አሳርፈው አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።

ከዚያ በፈረስ መጋላ አድርጌ በእግሬ ቤቴ ገባሁ። እማዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ሳልቀመጥ፣ ነጠላዬን ሳላወልቅ፣ ሂጂ፣ አሶሳ ሂጂና እረሻት አልኳት። ከልብሽ ነው? አለችኝ። ከልቤ ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ቅናቴም አልለቀቀኝም፣ ትቀሪብኝ ይሆናል ብዬም እፈራለሁ፤ ግን ሂጂ፣ ልቤ ከኋላ እየመጣ ነው አልኳት። እማዬ እጄን ይዛ ሳመችኝና ይኼም ይበቃኛል አለች። ጫማዬን ላወልቅ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ የማውቀው፣ የእማዬ ጋቢ ላዬ ላይ ሆኖ፣ ፀሐዩ ከመስኮቱ ወርዶ፣ በደጅ በኩል ሹክሹክታ እየሰማሁ ነው። ነኢማ ጀሪካን ይዛ ውሃ መጥቷል ልትለኝ በሩን ስታንኳኳ ነው የነቃሁት። ዓይኔን አልገለጥኩም። እማዬ በሩ ላይ ቆማ፣ ዝም በይ ነኢማ፣ እባክሽ ዝም በይ፣ ልጄ ተኝታለች ትላታለች። ነኢማም ውሃው እኮ ሊሄድ ነው ትላለች። እማዬ፣ ይሂድ ይሂድ፣ ውሃ ይመጣል፤ ልጄ ተኝታለች አለቻት እንደገና። እኔም ተመልሼ ተኛሁ። ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ውሃ ሲቀዳ እኛ ሳንቀዳ ቀረን።

እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው። እማዬ ትመጣልሻለች። የመድኃኔ ዓለምን ንግሥ እዚሁ ሳላከብር አልንቀሳቀስም ስላለች፣ ጥቅምት 30 ከድሬዳዋ ትሳፈራለች። አዲስ አበባ ድረስ እንደሻው ይዟት ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ አሶሳ ስትወርድ አንቺና ኡራኤል ትቀበሏታላችሁ። ቅቤውን አንጥሬዋለሁ፤ የገንፎ ዱቄቱን፣ አብሹን፣ ተልባውን ሸክፌአለሁ። መድኃኒቷን ጧት ከቁርስ በኋላ እንድትውጥ አድርጊ፤ ውጫለሁ ብትልሽ አትመኚያት፣ ስትውጥ እይ። ጨው አታብዢባት። ከአራስ ቤት ወጥታ ሰው ቤት እየተጫወተች እንዳትቀር ጠብቂልኝ፤ እዚያም ወዳጅ ማፍራቷ አይቀርም። ለዚያ አገር ንስሐ አባትሽም ስምሽ ጸዳለ ማርያም እንደሆነ ንገሪያቸው። የሠራሽውን ኃጢአት በኔ ስም ማስጻፍ ይብቃሽ።

ክርስትናው ሲነሳ እናቴን ትመልሺልኛለሽ፤ ይኼን አስምሪበት። ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ነው እንግዲህ። እኔ ወንድ ይሁንልሽ እያልኩ እየለመንኩ ነው። ለምን እንደሆነ ገብቶሻል፤ ሰማንያ ቀን ብዙ ነው። ሴት ከሆነችም እችለዋለሁ። ፎቶ ስትልኪ እማዬ ብቻዋን ሕፃኑን አቅፋ ያለችበትን ቶሎ ቶሎ አትላኪብኝ፤ ቀስ በቀስ አስለምጂኝ። ቅናት እንደ ጉንፋን በአንድ ቀን ጠበል የሚለቅ አይደለም። ሲነሳብኝ ግን አሁን ምን እንደምለው አውቃለሁ፤ ስምሽን እጠራለሁ፣ ከዚያ እተኛለሁ።

ለኡራኤል፣ ለባልሽ፣ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በሥርዓቱ እንዲይዝሽ፣ ከባድ ነገር እንዳያስነሳሽ። እንደሻው ሁለታችሁንም ሰላም ይላል፤ ተናኜ ሰሞኑን ስታንኮራፋ ነው የምታድረው ብለሽ ጻፊላት ብሎኛል። ነኢማ ሰላም ትላለች፤ ኢንሻአላህ በሰላም ትገላገላለች፣ ለሕፃኑ ማቀፊያ የሚሆን ሻሽ አለኝ ብላ ለእማዬ ሰጥታታለች። እማዬ ሰላምታዋን ራሷ ይዛልሽ ትመጣለች። አባ ወልደ ጊዮርጊስም እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለውሻል፤ በየትኛው ስም እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

በሆድሽ ላለውም ሰላምታ አለኝ። ሲወለድ ስሙን የምታወጡለት እናንተ ናችሁ፤ አልገባበትም። አድጎ ነገር ማወቅ ሲጀምር ግን አንድ ነገር ንገሪልኝ። እናትህ ገና ሳታስብህ፣ አባትህንም ሳታውቀው፣ ከሁሉ ቀድማ አንተን ከእግዚአብሔር የለመነችህ አክስትህ ተናኘወርቅ ናት በይው።

ታላቅ እህትሽ ተናኘወርቅ
ሐረር፣ ጥቅምት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.